በወርቅነሽ ክንድ

እሸቴን «መሐንዲስ» ብሎ የሾመው መንግሥት የለም፤ ራሱ ነው የተሾመው። ከባቡር ሐዲዱ ሥራ የተመለሰ ዕለት፣ ገና ጋፋት ዳገት ላይ ሳለ፣ ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ «መሐንዲስ እሸቴ መጣ ብላችሁ ንገሩልኝ» እያለ ወደፊት ይልክ ነበር። አገሩ መሐንዲስ ምን እንደሆነ ባያውቅም ከፍ ያለ ማዕረግ መስሎት እልል ብሎ ወጣ። ጠርዙ የተበላ የፈረንጅ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ከተከራያት በቅሎ ላይ ሆኖ ግራና ቀኝ እጅ የሚነሳው ሰው ያ የሚያውቁት የወናፍ ነፊው የልጅ ልጅ መሆኑን ሲያዩ ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ጉራው የዘር ነው። አያቱ ጋፋት ላይ መድፍ በሚቀልጥበት ዘመን ወናፍ ይነፉ ነበር፤ በቤታቸው ሲወራ ግን ብረቱን ያቀለጠው እሳቱ ሳይሆን አያቱ ናቸው። እሸቴ ጎረምሳ ሳለ ነጋዴ ተጠግቶ ወደ ምሥራቅ ወረደ። ያን ጊዜ ፈረንጆች ከባሕሩ ወደ ደጋው ሐዲድ ይዘረጉ ነበር። እዚያ አንድ ሽበታም መሐንዲስ አገኘ፤ ፒፓ ከአፉ የማይለየው፣ ድንጋይ ቢጣመም ድንጋዩን የሚሳደብ፣ ዕድሜውን ሙሉ ድልድይና የባቡር መንገድ ሲሠራ የኖረ ሰው። የእሸቴ የመጀመሪያ ሹመት የዚህን ሰው ጃንጥላ መያዝ ነበር። የጃንጥላ ያዥ ሥራ ከጌታው አለመለየት ነውና ሁሉንም አየ፤ እያደር ድንጋይ ጠራቢ፣ ከዚያም ግንበኛ ሆነ።

ከሁሉም ልቡን የወሰደው ቅስቱ ነበር። መጀመሪያ እንጨቱ ጎብጦ ከዳር እስከ ዳር ይተከላል፤ ድንጋዩ ከግራም ከቀኝም በእንጨቱ ላይ እየተደረደረ ይወጣና መሃል ላይ በአንዲት ድንጋይ ይገናኛል። ከዚያ እንጨቱ ከሥር ይነሳል። ይህ ሲሆን ሌላው ሰው ሁሉ ሸሽቶ ዳገት ይወጣል፤ ሽበታሙ መሐንዲስ ግን ፒፓውን ለኩሶ ቅስቱ ሥር ገብቶ ይቆማል፤ የሚወድቅ ከሆነ በእሱ ላይ ይውደቅ ነው ነገሩ። እሸቴ «ወንድ ማለት ይህ ነው!» አለ። ጃንጥላውን ይዞ አብሮት ግን አልገባም።

አገሩ ገብቶ ወርቅነሽን አገባ። ወርቅነሽ የዘንግ አምባ ልጅ ናት፤ ዘንግ አምባ ደግሞ ከጓንጉት ወንዝ ማዶ ነው። እጅግ አጭር ከመሆኗ የተነሳ የማያውቃት እንግዳ ቆማ ሳለ «ኧረ አትነሺ፣ ተቀመጭ» ይላት ነበር። ምላሷ ግን ከቁመቷ የጎደለውን ሞልቶ ተርፏል። በተጋቡ በዓመቱ፣ ነሐሴ ላይ፣ እናቷ ሞቱ። ጓንጉት የጉናን ጎርፍ ተሸክሞ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበርና የሚደፍረው ዋናተኛ እንኳ አልተገኘም። ወርቅነሽ ወዲህ ዳር ቆማ የእናቷ አስከሬን ማዶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አየች። ነፋሱ ሲመጣ ለቅሶው ይሰማታል፤ ሲሄድ የውሃው ጩኸት ብቻ ይቀራል። አፈር ሳታለብሳቸው ቀረች። አጠገቧ የቆመው እሸቴ «ድልድይ እሠራልሻለሁ» ብሎ ማለ። ብዙ የማለ ሰው ነው። ያን ዕለት የማለው ግን እያለቀሰ ነበር፤ ጉራ አልነበረበትም።

ድልድይ ኖራ ይፈልጋል፤ እንጨት ይፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ የገዥ ፈቃድ ይፈልጋል። እሸቴ የተሾመውን ሁሉ ደጅ ጠና። አንዱ «ለከርሞ» አለው። ሌላው «እግዜር ወንዙን ሲፈጥረው ያለ ድልድይ ነው» አለው። ሦስተኛው አንገቱን እየነቀነቀ በደንብ ሰማውና የበግ በረት እንዲገነባለት አዘዘው። መሐንዲሳችን የቤተ ክርስቲያን ቅጥርና የጌቶች በረት ሲገነባ ሸበተ። ጠላ ቤት ሲቀመጥ ስለ ባቡሩ ድልድዮች ያወራል፤ የጃንጥላው ነገር ከወሬው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽበታሙ ፈረንጅም እያደር የእሸቴ ረዳት ሆኗል። ወርቅነሽ ይህን ሁሉ ጸጥ ብላ ትሰማና መጨረሻ ላይ «የእኔስ?» ትላለች። ያን ጊዜ ጋቢውን ሰብስቦ ይወጣል።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ሲገባ እሸቴ ወደ ስድሳው ተጠግቶ ነበር። ልጁ ፈንታነሽ እናቷ አገር ዘንግ አምባ ተድራለች፤ ባሏ ሞላ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገብቷል። ዘንግ አምባ አርበኛውን ያበላል፣ ይደብቃል። ጣሊያን ደግሞ ወታደሩን በመኪና ጭኖ እስከ ጓንጉት ዳር ይደርስና ገደሉን አይቶ ይመለሳል። አንድ ጊዜ በእግር ሞክረው ነበር፤ ማዶ ካለው ጥሻ የተቀበላቸው ጥይት ሁለተኛ አላስመኛቸውም። መኪና ቢሻገር ግን ነገሩ ሌላ ነበር፤ መትረየሱም እሳቱም በአንድ ጀንበር ዘንግ አምባ ይገባል።

አዛዡ ወጣት ቴኔንቴ፣ በእኛ የመቶ አለቃ፣ ነበር፤ ጢሙን በቅባት የሚያሾል፣ ጫማውን ጭቃ ከነካው ቀኑ የሚበላሽበት። «በዚህ አገር ድልድይ የሚያውቅ ሰው አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ያ ለዓመታት ጠላ ቤት የተነዛ ጉራ ፍሬ አፈራ። ከተማው በሙሉ ጣቱን ወደ እሸቴ ቤት ቀሰረ።

«መሐንዲሱ አንተ ነህ?» አለው አስተርጓሚው። ከምጥዋ የመጣ፣ ጨርቅ በሜትር ሲሸጥ እያየ ያደገ ጎልማሳ ነው።

«ነበርኩ» አለ እሸቴ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ማዕረጉን ሊደብቅ ሞከረ። «አሁንማ ዓይኔም አያይ።»

«ጓንጉት ላይ ድልድይ እንድትሠራ ታዟል። ኖራም እንጨትም ሰውም ይሰጥሃል። እምቢ ካልክ ከጎንደር ሌላ ግንበኛ ይመጣል፤ አንተን ግን ሚስትህ አታገኝህም።»

እዚህ ላይ እውነቱ መነገር አለበት፤ እሸቴ ደስ አለው። አፍሮ ነው ደስ ያለው፤ ቢሆንም ደስ አለው። ዕድሜ ልኩን የለመነውን ኖራ፣ የለመነውን እንጨት፣ የለመነውን ሰው የሚሰጠው ጠላቱ ሆነ! «ስፋቱስ?» አለ።

ቴኔንቴው በቋንቋው ተናገረ። አስተርጓሚው ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ አሰላና «ስድስት ክንድ» አለ። «መኪናው እንደ ልቡ ያልፍበታል።»

ወርቅነሽ ስትሰማ የያዘችውን ሰፌድ ወረወረችው።

«ለልጄ ቤት የመኪና በር ልትከፍት ነው?»

«እኔ እምቢ ብል ሌላው ይሠራዋል።»

«ሌላው ይሥራዋ! የሌላው ልጅ እዚያ የለችም!»

እሸቴ እውነቷን እንደሆነ ያውቃል፤ እሱም ያለው እውነት ነው፤ ሁለቱ እውነቶች ግን አንድ ቤት ውስጥ አብረው አልተኛ አሉ። ወርቅነሽ እንጀራውን ታቀርብለታለች፣ ቃል ግን አትተነፍስም። ምላሷ ዝም ሲል ቤቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ አወቀ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣ። የጨርቅ ነጋዴው ጀማል ዘንድ አምባጓሮ ተነስቶ ሰው ከቦ ያያል። ደብረ ታቦር ገበያ ጨርቅ የሚለካው በክንድ ነው፤ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ። የማን ክርን እንደሆነ ግን የተጻፈ ሕግ የለም። ሻጭ ከዘመዶቹ ክንደ አጭሩን ሰው ያቀርባል፤ ገዢም ይህን ያውቃልና ክንደ ረጅም ዘመዱን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ይከራከራሉ፣ በአንዱ ይስማማሉ። ሳይከራከር የገዛ በሻጩ ክንድ ገዛ ማለት ነው። ያን ዕለት ከጉና የወረደ አንድ ገበሬ ብቻውን ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ኩታው እግሩን ሳይሸፍንለት ቢቀር ተመልሶ መጥቶ ይጮሃል።

ጀማል አልተቆጣም። ጨርቁን እያጣጠፈ «ወንድሜ» አለ፣ «የራስህን ክንድ ይዘህ እንዳትመጣ ማን ከለከለህ?»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እሸቴ ብቻ አልሳቀም። አፉን ከፍቶ ቆሞ ቆሞ፣ ድንገት ባርኔጣውን ጨብጦ የዕድሜውን ነገር ረስቶ ወደ ቤቱ ሮጠ።

«ወርቅነሽ፣ ክንድሽን ዘርጊ!»

ኩርፊያዋን ያስረሳት መደነቋ ነው። «ለምን?»

«ልለካሽ።»

«ምን ልታሰፋልኝ ነው?»

«ቀሚስ።»

ወርቅነሽ ክንዷን ዘረጋች። እሸቴ ሸንበቆ አምጥቶ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ ለካና በካራ ቀነጠሰው።

«ቀሚስ በሸንበቆ ይለካል እንዴ?»

«የመሐንዲስ ሚስት ቀሚስ በሸንበቆ ነው የሚለካው» አለና ወጣ። ሊነግራት አልደፈረም። ወርቅነሽን ያህል የሚወደው ሰው የለም፤ ምላሷን ያህል የሚፈራውም ነገር የለም። ከነገራት እሱ ወንዙ ሳይደርስ ወሬው ቴኔንቴው ጆሮ ይደርሳል።

ሥራው ኅዳር ላይ ተጀመረ። እሸቴ በሸንበቆዋ ስድስት ጊዜ ለክቶ ችካል ቸከለ፤ ከዚያው ስፋት ውስጥ ደግሞ የግራና የቀኙን መከላከያ ግንብ ወፈር አድርጎ አሠራ። በግዳጅ የመጡት ሠራተኞች ነገሩን ሳይነገራቸው ገባቸው፤ እርስ በርስ ተያይተው ድንጋዩን ማቀበል ቀጠሉ። ቴኔንቴው ሥራውን ሊያይ ሲመጣ ከሩቅ ዛፍ ሥር ቆሞ በመነጽር ነው የሚያየው፤ የማዶውን ጥሻ አላምነው ብሏል። አስተርጓሚው ግን አንድ ቀን ተጠግቶ «ይህ ነገር ጠበብ አላለም?» አለ።

«ጠበበ?» አለ እሸቴ ወገቡን ይዞ። «ልጄ፣ እኔ ባቡር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ! ባቡር የሚያህል ነገር አልፎ መኪና ሊቸግረው ነው? ድልድይ እንጨቱ እስኪነሳ ጠባብ ይመስላል። የሚያውቁ ያውቁታል፣ አንተም ስታድግ ታውቀዋለህ።» ጢማሙ አስተርጓሚ እንደ ተማሪ አፍሮ ሄደ። ያ ሁሉ ጉራ በዕድሜው አንድ ጊዜ ለቁም ነገር ዋለ።

እንጨቱ የሚነሳበት ቀን ደረሰ። ሠራተኛው ሁሉ ዳገት ወጣ። እሸቴ ብቻውን ወደ ቅስቱ ሥር ወረደ። ፈርቶ ነበር፤ ድንጋዩን ተደገፈ። ፒፓ የለው፣ የባርኔጣውን ጠርዝ ይዞ «ንቀሉት!» ብሎ ጮኸ። እንጨቱ ወጣ። ቅስቱ አንድ ጊዜ አቃሰተ፣ ትንሽ አቧራ ባርኔጣው ላይ ጣለ፣ ከዚያ ጸና። ከሥሩ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ለጠየቀው ሁሉ ኖራ ገብቶበት ነው አለ።

ቴኔንቴው በሥራው እጅግ ከመደሰቱ የተነሳ ስሙን በትልቅ ድንጋይ አስቀርጾ ግንቡ ላይ አስገባ። ጎንደር ላሉት አለቆቹም በራሱ እጅ ብልሃት ድልድይ እንደሠራ አስነገረ፤ ከዚያም ተመሰገነ። የእሸቴን ስም ያነሳ የለም፤ እሸቴም ለአንድ ጊዜ ስሙ ባይነሳ ደስ ይለው ነበር።

ግንቦት ላይ ምረቃ ሆነ። ጥሩንባ ተነፋ፣ ባንዲራ ተሰቀለ፣ ሕዝቡ በግድ ወጣ፤ ጀማልም የሕዝቡን መሰብሰብ አይቶ ጨርቁን በአህያ ጭኖ መጣ። መኪናው እያጓራ ወረደና ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ አፍንጫው ከግራም ከቀኝም ግንቡን መታ። ሹፌሩ ወደ ኋላ ብሎ እንደገና ሞከረ፤ እንደገና መታ። ጥሩንባ ነፊው የሚያደርገው ቸግሮት መንፋቱን ቀጠለ።

«አፍርሱት!» አለ ቴኔንቴው። የግራው ግንብ ፈረሰ፤ አልበቃም። የቀኙም ፈረሰ፤ የቴኔንቴው ስም ያለበት ድንጋይ ተንከባሎ ወንዙ ዳር ቀረ። አሁን ጎማው ልክ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሆነ። ሹፌሩ ጥቂት ፈቀቅ አደረገው፤ በሩን ከፍቶ ቁልቁል ወደ ጓንጉት አየ፤ በሩን ዘጋ፤ አማተበ፤ ከዚያ አስተርጓሚው ሊተረጉመው ያልፈለገ አንድ ነገር ተናገረ። ማዶ ጥሻው ውስጥ ሳቅ ተሰማ የሚሉ አሉ።

ቴኔንቴው ሽጉጡን መዝዞ እሸቴ ፊት ቆመ። አስተርጓሚው ላብ አጥምቆት «ስድስት ክንድ አልኩህ እኮ!» አለ።

«ስድስት ክንድ ነው። ይለካ።»

አስተርጓሚው ራሱ ተንበርክኮ በክንዱ ለካ። «አምስት እንኳ አይሞላም!»

«በማን ክንድ?» አለ እሸቴ።

«በእኔ!»

«ያዘዝከኝ ቀን ክንድህን አልሰጠኸኝም።»

ቴኔንቴው የአገሩን ደንብ የሚያውቅ ሰው ይጠራ ቢል ሁሉም ጀማልን ወደ ፊት ገፋው። ጀማል ፊቱን እንደ ቃዲ አኮሳትሮ «ጌቶች» አለ፣ «የእኛ ደንብ እንዲህ ነው። ሻጭ በክንዱ ይለካል። ገዢ ካልተስማማ የራሱን ክንድ ይዞ ይመጣል። መንግሥት ገዢ ነበር፤ እንዳያመጣ ማን ከለከለው?» ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጢማቸውን እየዳሰሱ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ከመካከላቸው ጀማልን ጨርቅ አሳጠርክብኝ ብሎ ያልከሰሰ አልነበረም።

«ታዲያ ይህ የማን ክንድ ነው?» ተባለ። እሸቴ ከጋቢው ሥር ሸንበቆውን አወጣ።

ወርቅነሽ ከሕዝቡ መሃል ወጣች። ክንዷን ሸንበቆው ላይ አስጠግታ አሳየች፤ ልክክ አለ። ሸንበቆውን አየች፣ ድልድዩን አየች፣ ባሏን አየች።

«አንተ ውሸታም!» አለችው፤ ከዚያ ቀን በፊት በዚያ ዓይነት የለሰለሰ ድምፅ ሰድባው አታውቅም።

ቴኔንቴው እሸቴን ሊሰቅለው ፈልጎ ነበር። ግን ድልድዩ በስሙ ተመስግኗል፤ ድልድዩ ተበላሸ ማለት ቴኔንቴው ተበላሸ ማለት ሊሆንበት ነው። ስለዚህ ዋጥ አደረገው። ለጎንደር ሲነገር ከመጀመሪያውም የበቅሎ ድልድይ እንደነበረ ተነገረ። ክረምቱም ገባ፤ መኪናዎቹ ጭቃ ውስጥ ተተከሉ፤ የዘንግ አምባ ጭስ በየማለዳው ከየቤቱ እንደ ወትሮው ወጣ። ጅራፉ ግን ለእሸቴ አልቀረለትም። ስለ ጅራፉ ቀልድ የለም። የገረፉት ስድሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ሽማግሌ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ መራመድ አልቻለም። ክረምቱን እስር ቤት ሲያሳልፍ ወርቅነሽ ስንቁን ይዛ ትመላለስ ነበር። ቁስሉን በቅቤ ታሽለትና ወጥታ ስትሄድ በሩ ላይ ዞር ብላ «ቀሚሴስ?» ትለዋለች።

ጣሊያን ከደብረ ታቦር የወጣው ከዓመታት በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነበር። በነሐሴ፣ ጓንጉት ሞልቶ በሚጮህበት ወር፣ ከማዶ መልእክት መጣ፤ ፈንታነሽ ምጥ ይዟታል። ወርቅነሽ ቅቤውን በቅል ይዛ ወጣች፤ እሸቴ እያነከሰ ተከተላት።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ፣ ያን ጊዜ የቆመችበት ቦታ ላይ እግሯ በራሱ ቆመ። ጎርፉ ያው ጎርፍ ነው፤ ጩኸቱም ያው። ነፋሱም እንደዚያን ዕለት ከማዶ አፋፍ ካለው ቤት ድምፅ ይዞ መጣ። ዛሬ ግን የሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ነው።

ወርቅነሽ ድልድዩ ላይ ወጣች። መሃሉ ላይ ስትደርስ ቁጢጥ ብላ ክንዷን ድንጋዩ ላይ ዘረጋችው፤ እንደ ልጅ ጀርባ ዳሰሰችው።

«ቀሚሴ ይኸ ነው?» ብላ በውሃው ጩኸት ላይ ጮኸች።

«ይኸው ነው» አለ እሸቴ። «ጠበበሽ እንዴ?»

ቀና ብላ ማዶውን አየች፤ ዳገቱ ላይ የእናቷ መቃብር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ይታያል።

«ልኬ ነው» አለች። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሳች፤ ቅቤዋን ይዛ ቀድማው ተሻገረች።